የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፎርም ስትሞሉ የሚገጥሟችሁ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ፓስፖርት ሊያመለክት የመጣ አለ። ፋይዳውን ሊያትም የመጣ አለ። የልጁን ውጤት ሊያይ የመጣ አለ። ሁሉም ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ የእናቱን ስም፣ ስልኩን ጮክ ብሎ ይናገራል። የቤቱ ሠራተኛ ልጅ ይጽፋል። ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል።

ለቤተሰብም ለጎረቤትም እነዚህን ፎርሞች ስሞላ ዓመታት ሆኖኛል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «መንግሥት መረጃዬን ምን ያደርገዋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እኔ በዓይኔ ያየሁት መፍሰስ ግን አብዛኛው ሰርቨሩ (መረጃው የሚቀመጥበት የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር) ጋ ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

ምልክት፦ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ

መጀመሪያ ስለ ሰርተፊኬት አንድ ነገር ልበል። ሰርተፊኬት የድረ ገጹ መታወቂያ ነው። የተሰጠበት ቀን አለው፤ የሚያበቃበት ቀንም አለው። ብራውዘራችሁ (እንደ ክሮም ያለው፣ ድረ ገጽ የምትከፍቱበት መተግበሪያ) ገጹን ከመክፈቱ በፊት ይህን መታወቂያ ያያል፤ ቀኑን ከስልካችሁ ቀን ጋር ያስተያያል። ካልገጠመለት ያስቆማችኋል።

እኛ አገር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የስልኩ ቀን ነው። አዘዞ የሚኖሩ አጎቴ አንድ ቀን ደውለው «ልጄ፣ ገጹ ሌባ ገብቶበታል መሰለኝ፤ አልከፍትም ብሎኛል» አሉኝ። ሄጄ ስልካቸውን አየሁት። ዓመቱን 2017 ብለው ሞልተውታል። በኛ አቆጣጠር ያኔ ልክ ነበሩ። ስልኩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ቆሟል ማለት ነው። ለዚያ ስልክ የድረ ገጹ መታወቂያ ገና ያልወጣ ነው፤ እንዴት ይመነው? ባንካቸውም፣ ሌላውም ገጽ አልከፍት ብሏቸው ነበር። አጎቴ ግን ያሳሰባቸው የመንግሥቱ ብቻ ነበር።

መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ወደ ስልኩ ቅንብር ግቡ፣ ቀንና ሰዓት የሚለውን ክፈቱ፣ በራሱ እንዲሞላ አድርጉት። የኢትዮጵያን ቀን ማየት ከፈለጋችሁ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ለብቻው ጫኑ። የስልኩን የራሱን ቀን አትንኩት።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩን 3፡00 ብለው የሚሞሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ያኔ ስልኩ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ገጹ ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ነገር ግን ስልካችሁ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ ካላችሁ፣ ኮዱ ሁልጊዜ «ስህተት» ይባላል። መተግበሪያውን ደጋግሞ መጫን ምንም አይጠቅምም፤ ሰዓቱን ማስተካከል ነው።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ፣ በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩ። እዚያም ያው ከሆነ የድረ ገጹ ሰርተፊኬት ጊዜው አልፎበት ይሆናል። በነፃ የሚሰጡት ሰርተፊኬቶች ብዙዎቹ 90 ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት። የማደሻው ፕሮግራም አንድ ቀን ከቆመ ገጹ መታወቂያ አልባ ይሆናል። ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ጎብኚው የሚያስተካክለው ነገር የለም።

«የላቀ» የሚለውን ነክታችሁ፣ «ቀጥል» ብላችሁ መግባት እንደምትችሉ አውቃለሁ። እባካችሁ አትግቡ። ያለፈበት ሰርተፊኬትና መሐል ገብቶ የሚያዳምጥ ሰው ለተራ ተጠቃሚ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት። የመታወቂያ ፎቶ ለመላክ ያ ገጽ አይሆንም። ለመሥሪያ ቤቱ ደውላችሁ ንገሩ፤ ቀነ ገደብ ካለባችሁ በአካል ሂዱ።

ሁለት ትንንሽ ምክንያቶች ቀርተዋል። የካፌ ወይም የሆቴል ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ፣ የዋይፋዩ መግቢያ ገጽ መሐል ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሞባይል ዳታ ቀይሩ። በጣም ያረጀ አንድሮይድ ስልክ ደግሞ አዳዲሶቹን ሰርተፊኬት ሰጪዎች አያውቃቸውም፤ የልጃችሁን ስልክ ተዋሱ።

ምልክት፦ ከአድራሻው ጎን «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ይላል

ገጹ የምትጽፉትን ሳይቆልፍ ነው የሚልከው። በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ሊያነበው ይችላል። ማስታወቂያ ለማንበብ ከሆነ ግድ የለም። ፓስወርድና የስልክ ቁጥር ግን አትጻፉበት። አድራሻውን በኤችቲቲፒኤስ (https://) ጀምራችሁ እንደገና ሞክሩ፤ አንዳንዱ ገጽ የተቆለፈ መንገድ እያለው አያሳይም።

ምልክት፦ ገጹ የመንግሥት ይመስላል፣ ግን ቶሎ ብር ይጠይቃል

ሐሰተኛ ገጽ ሊሆን ይችላል። ባንዲራውና አርማው ማረጋገጫ አይሆኑም፤ ማንም ይቀዳቸዋል። የቁልፉ ምልክትም አይበቃም፤ ሌባም ሰርተፊኬት ያወጣል። አድራሻውን እዩ። ከ«https://» ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያውን እዝባር (/) ፈልጉ፤ ከሱ በፊት ያለው የመጨረሻው ቃል በአብዛኛው «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» (gov.et) ነው። «ጎቭ» የሚለው መሐል ላይ ገብቶ መጨረሻው «ኮም» ከሆነ ውጡ። በቴሌግራም ቻናል የመጣ ሊንክ ከመንካት አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት።

ምልክት፦ ፎርሙን ስትከፍቱ የሌላ ሰው ስምና ስልክ ይመጣል

ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚለው «መንግሥት የሰው መረጃ ለኛ አሳየን» ነው። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ብራውዘሩ ከእናንተ በፊት የተጻፈውን ያስታውሳል። ወይም ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ሳይወጣ ነው የሄደው። እናንተም ስትሄዱ ስማችሁ ለቀጣዩ ሰው ይጠብቃል።

ይህ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው። የአንዱን ቤት ኮምፒውተር የዳውንሎድ ማኅደር ከፍቼ አይቼ አውቃለሁ። የመታወቂያ ቅጂ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የማስተርስ ዲግሪ፣ የሕፃናት ፎቶ። የወራት ክምችት ነው። የቤቱ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያጠፋው የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው የቆየው።

ስለዚህ ጠይቁት። «ወንድሜ፣ በማይመዘግበው መስኮት ክፈትልኝ» በሉት። ክሮም ላይ ማንነትን የማያሳውቅ መስኮት ይባላል። ሲዘጋ የተጻፈው አይቀርም። ፓስወርድ ይቀመጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አይሆንም በሉ። ሥራው ሲያልቅ «ውጣ» የሚለውን ራሳችሁ ንኩ፤ መስኮቱን መዝጋት ብቻ ሁልጊዜ አይበቃም። የወረደውን ፋይል፣ ስካን የተደረገውንም ከኮምፒውተሩ አስጠፉ፤ ቆሻሻ መጣያውም ባዶ ይሁን። ማንነትን የማያሳውቅ መስኮት የወረደ ፋይል አያጠፋም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ቴሌግራም ደግሞ አለ። «ፎቶውን በቴሌግራም ላክልኝ» ሲባል እንልካለን፤ ከዚያ በኋላ መታወቂያችን እዚያ ሰው ስልክ ውስጥ ይኖራል። እንደ ታተመላችሁ ወደ ውይይቱ ተመለሱ፣ ፎቶውን ተጭናችሁ ቆዩ፣ ከሁለቱም ወገን እንዲጠፋ ምረጡ። በቤቱ ኮምፒውተር የራሳችሁን ቴሌግራም ከከፈታችሁ፣ ቅንብር ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከስልካችሁ ላይ አይታችሁ ያንን ኮምፒውተር አስወጡት።

ምልክት፦ የማረጋገጫ ኮዱ አይመጣም፣ ወይም ሳትጠይቁ ይመጣል

የማይመጣ ከሆነ፣ ስትመዘገቡ የሰጣችሁት ቁጥር የማን እንደሆነ አስታውሱ። የጠፋ ሲም ነው? የእህታችሁ ነው? ያስመዘገባችሁ ልጅ የራሱን ቁጥር ሞልቶ ይሆን? ኮዱ ወደዚያ እየሄደ ነው። በአካል ሄዳችሁ ቁጥሩን አስቀይሩ፤ ለነገ አትበሉት። ኮዱ የሚሄድበት ሰው በእናንተ ስም መግባት ይችላል።

ሳትጠይቁ ከመጣ አንድ ሰው በቁጥራችሁ እየሞከረ ነው። ብዙ ጊዜ ወዲያው ስልክ ይደወላል፤ «ከመሥሪያ ቤቱ ነው፣ የደረሰሽን ቁጥር ንገሪኝ» ይላል። አትንገሩት። ፓስወርዳችሁን ቀይሩ።

ከፋይዳ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር እዚህ ልጨምር። ባለ 12 አሃዙ ቁጥር የእናንተ ቋሚ ቁጥር ነው። ባለ 16 አሃዙ ደግሞ እሱን ለመሸፈን የተሠራ ምትክ ነው። አገልግሎት ስትጠየቁ ባለ 16ቱን ስጡ፤ ባለ 12ቱን በየግድግዳውና በየግሩፑ አትለጥፉ።

ምልክት፦ «ኩኪ ይቀበላሉ?» ይላል

ኩኪ ገጹ እናንተን እንዲያስታውስ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ጽሑፍ ነው። ለመግባት አስፈላጊ የሆነውን ተቀበሉ፤ ምርጫ ከሰጣችሁ ሌላውን ተዉት። ኩኪ ባትቀበሉም አብዛኛው ሰርቨር የመጣችሁበትን የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የምትታወቁበትን ቁጥር)፣ ሰዓቱን፣ የብራውዘሩን ዓይነት፣ የከፈታችሁትን ገጽ ይመዘግባል። በሞባይል ዳታ ላይ አንድ አይፒ ብዙ ሰው ይጋራዋል፤ ስለዚህ እሱ ብቻውን ቤታችሁን አይነግርም። ስማችሁን የሚሰጠው የምትሞሉት ፎርም ነው።

ምልክት፦ ፎርሙ የማያስፈልግ ነገር ይጠይቃል፣ ወይም የተመዘገበው ስህተት ነው

አሁን «መንግሥት መረጃዬን ምን ያደርገዋል?» ወደሚለው ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። መሥሪያ ቤቱ መረጃችሁን እንደፈለገ ሊያደርገው አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ዝርዝሩን ይዟል። መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ለዓላማው ከሚበቃው በላይ መውሰድ አይፈቀድም። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ጤና፣ አሻራ የመሳሰሉት ልዩ ጥበቃ አላቸው። ስለ እናንተ የተያዘውን ማየት፣ የተሳሳተውን ማስተካከል መብታችሁ ነው። መሥሪያ ቤቱ መረጃ ካፈሰሰም ለተቆጣጣሪው በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። የገጹን ታች ውረዱና የግላዊነት ፖሊሲ የሚል ካለ አንብቡት፤ ምን እንደሚሰበስቡ፣ ለማን እንደሚያጋሩ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያቆዩ ሊል ይገባል። ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቁ። ፎርሙ ያልገባችሁን ነገር ሲጠይቅ ኮከብ ምልክት ከሌለበት ባዶ ተዉት። ስማችሁ ወይም የልደት ቀናችሁ ተሳስቶ ከተመዘገበ ስክሪንሹት አንሱ፣ ትክክለኛውን ሰነድ አያይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አትሙ፤ አንዱ ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ። ምላሽ ከዘገየ ያንን ቅጂ ይዛችሁ ነው ወደ ተቆጣጣሪው የምትሄዱት።