የጭሱን ቀለም ሳታዩ ሞተር አትፍቱ፦ የጨው ውሃ አኳሪየምና አልጌው

19 ዓመት ከአዳማ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጌ ጅቡቲ ድረስ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ወደብ ላይ ጭነት ሲጠበቅ ቀኑ አያልቅም። ጊዜ ለመግደል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ባሕሩ ውስጥ የሚመላለሱትን ቢጫና ሰማያዊ ዓሣዎች ማየት ለመድኩ። መኪናውን ከተውኩ በኋላ ብዙም የናፈቀኝ ነገር የለም፣ ያ ውሃ ግን ናፈቀኝ። አሁን አዳማ ሳሎኔ ውስጥ 180 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ጎረቤት በገባ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄው “መቼ ነው የምንጠብሰው?” ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። “ጋሼ፣ ይሄ ቡናማ ነገር አስመረረኝ። በየሁለት ቀኑ ውሃ እቀይራለሁ፣ እሱ ግን ይብስበታል” ይላል። ሳየው የራሴን ጥፋት አስታወሰኝ።

የናፍጣ ሞተር ሲያጨስ ረዳት ሁሉ “ኢንጀክተሩ ይፈታ” ይላል። ሾፌር ግን መጀመሪያ ቀለሙን ያያል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቶበታል ወይም አየር አጥሮታል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ነጩ ሞተሩ ሞቆም አልጠፋ ካለ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። አልጌም፣ ማለትም ገንዳ ውስጥ ድንጋዩንና አሸዋውን የሚለብሰው ተክል መሰል ነገር፣ እንደዚሁ ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ቀለብ ይሆናል።

አኳሪየሙ ገና ወር ወይም ሁለት ወር ከሆነውና አሸዋው ላይ በሶ የተነፋበት የሚመስል ቡናማ ብናኝ ካያችሁ፣ ዳያተም ነው። በጣት ሲነኩት እንደ አቧራ ይበናል። ቅርፊቱን የሚሠራው ውሃ ውስጥ ካለ ሲሊካ (የአሸዋና የብርጭቆ ማዕድን) ስለሆነ፣ ሲሊካው ሲያልቅ እሱም ይጠፋል። ዝም በሉት። ካልጠፋ ግን ውሃችሁን ጠርጥሩ። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ፍሎራይድ ጥርስ ላይ የሚያደርገውን ወንጂ ደርሶ የመጣ ሁሉ አይቷል። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ሲሊካም አያጣም። እኔ መጀመሪያ የቧንቧ ውሃ አሳድሬ ጨው በጠበጥኩበት፣ አራት ወር ሙሉ በሶ ስጠርግ ከረምኩ። አሁን ውሃው በአር ኦ፣ ማለትም የሟሟውን ማዕድን በሚያስቀር ማጣሪያ ያልፋል። በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው እጨምራለሁ፤ ጨው ስል እህቴ ከዱባይ የምትልክልኝን ለአኳሪየም የተዘጋጀውን ነው እንጂ የወጡን ጨው አይደለም።

አረንጓዴው ፀጉር ሌላ ጉዳይ ነው። ድንጋዩ ላይ እንደ በግ ፀጉር ይበቅላል፣ ፓምፑ ሲነፍስበት ይወዛወዛል። የዚህ ምክንያት ቀለብ መብዛት ነው። የእኔን ያመጣችው የልጅ ልጄ ናት፤ “ራባቸው” እያለች ከጀርባዬ ምግብ ትበትንላቸው ነበር። ከምግብና ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡትን የአልጌ ቀለቦች፣ ናይትሬትና ፎስፌትን፣ ስትለኩ 0 ቢያሳያችሁ አትዘናጉ። ውሃው ውስጥ የሌለው አልጌው ስለበላው ሊሆን ይችላል።

ይህንን እዚያው ገንዳው ውስጥ አትፈግፍጉት፤ ብጣሹ ሁሉ ሄዶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ውሃ በምትቀይሩበት ቀን ከገንዳው የወጣውን ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀሩ፣ ድንጋዩን አውጥታችሁ እዚያ ውስጥ መጀመሪያ በእጅ ንጩት፣ ቀጥሎ በጥርስ ብሩሽ እሹት። ሥሩ እምቢ ካለ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ድንጋዩ ከውሃ ውጪ ሳለ አልጌው ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በባልዲው ውሃ አለቅልቃችሁ መልሱት። በአንድ ቀን ከሁለት ድንጋይ በላይ አልነካም። ከዚያ ምግቡን ቀንሱ፣ በረዶ የሆነውን ምግብ አቅልጣችሁ ውሃውን ድፉ፣ መብራቱ በቀን የሚበራበትን ጊዜ ከ12 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት አውርዱ። ገንዳው መስኮት አጠገብ ከሆነ መጋረጃ ዝጉ፤ የአዳማ ፀሐይ ለአልጌ ትልቅ ውለታ ትውላለች። ቀንድ አውጣ ካገኛችሁ ይረዳል፣ ግን አጭሩን ነው የሚግጠው፤ እንደ ጎፈሬ የረዘመውን አይነካም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። “አልጌ ገዳይ” ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር ውስጥ መዳብ ካለ ወደ ጨው ውሃ አታስገቡት። ቀንድ አውጣውን፣ ሽሪምፑንና ኮራሉን ይፈጅባችኋል።

ቀዩ ደግሞ ጭራሽ አልጌ አይደለም። ሳይኖባክቴሪያ ይባላል፤ ባክቴሪያ ነው። አሸዋው ላይ ቀይ ከፋይ እንደተነጠፈ ይተኛል፣ ላዩ ላይ ትንንሽ አረፋ ይይዛል፣ ሲነሳ እንደ ብርድ ልብስ በአንድነት ይገፈፋል፣ ይሸታልም። የሚወደው ውሃ የማይንቀሳቀስበትን ጥግ ነው። በቀጭን ጎማ ስባችሁ አውጡት፣ የፓምፑን አፍ ወደዚያ ጥግ አዙሩ፣ አሸዋው ውስጥ የተቀበረውን ቆሻሻም አብራችሁ ሳቡ። በየአራት ቀኑ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብትደጋግሙት ይሸሻል። ኤሪትሮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ አምጥቶ የሚጨምር አለ። ቀዩን ይገድለዋል፣ ነገር ግን የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩትን ደጋግ ባክቴሪያዎችም ሊጎዳ ይችላል። እነሱ ከተጎዱ አሞኒያው ዓሣውን ይጨርሰዋል። እኔ ጎማዬን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ልጁ ፎቶ ልመለስ።

ፀጉሩን ካሸነፍኩ በኋላ እጄ ማረፍ አቃተው። በየሦስት ቀኑ ውሃ መቀየር፣ ፎስፌት የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ማስገባት፣ ዓሣዎቹን በሁለት ቀን አንዴ ማብላት። ናይትሬት 0፣ ፎስፌት 0። ለባለቤቴ ሳይቀር አሳይቼ ተኩራራሁ። ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ ላይ ቡናማ ንፍጥ የሚመስል ክር ታየ፤ ጫፍ ጫፉ ላይ አረፋ አንጠልጥሏል። ጠዋት ስነሳ የለም፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሞልቷል። እኔም ይበልጥ አጸዳሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሰባት ቀንድ አውጣዎች በጀርባቸው ተገልብጠው አገኘሁ።

ዳይኖፍላጀሌት ነበር፤ ባጭሩ ዳይኖ የሚባል፣ አንድ በአንድ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሴል ፍጡር። ውሃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ሲጠፋ የሚፎካከሩት ሁሉ ይራባሉ፣ ሜዳው ለእሱ ይለቀቃል። አንዳንዱ ዓይነት መርዝ ስላለው የሚግጡትን ቀንድ አውጣዎች ይገድላል። ባጸዳሁ ቁጥር ቦታ እየጠረግኩለት ነበር።

ከዳያተም የሚለየው እንዲህ ነው። ትንሽ ክር ከገንዳው ውሃ ጋር በሲሪንጅ ስባችሁ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ፣ ክሩ እስኪበተን በኃይል ነቅንቁት፣ በሶፍት አጥልላችሁ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩት፣ መብራት ሥር አስቀምጡና ቡና አፍሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ እርስ በርሱ ተያይዞ ክር ከሠራ፣ ዳይኖ ነው። የእኔን ያረጋገጠልኝ የባዮሎጂ መምህር ወዳጄ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲያሳየኝ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ይዋኛል። ዳያተም ቢሆን ኖሮ እንደ ጀልባ ያለ ቅርፊት ይታይ ነበር፣ ሳይኖ ቢሆን ደግሞ የተደረደረ ቀጭን ክር።

መፍትሔው ለንጹሕ ሰው ይከብዳል። ውሃ መቀየር አቆምኩ። የብረት ጠጠሩን አወጣሁ። ዓሣዎቹን በቀን ሁለቴ አበላሁ፣ ናይትሬቱ ወደ 5፣ ፎስፌቱ ወደ 0.1 ፒፒኤም (ሚሊግራም በሊትር) እስኪጠጋ። ክሩን በጎማ ስቤ በነጠላ ጨርቅ ካጣራሁ በኋላ ያንኑ ውሃ መለስኩት። መርዙን እንዲይዝ ከሰል አስገባሁ፤ የአኳሪየሙን አክቲቭ ካርቦን ማለቴ ነው፣ የማንደጃውን አይደለም። ቀጥሎ መብራቱን አጥፍቼ ገንዳውን ሦስት ቀን በአሮጌ ጋቢ ሸፈንኩት። ባለቤቴ “ለቅሶ ተቀመጥክለት እንዴ?” አለችኝ።

በነዚያ ሦስት ቀናት አየር ማስገቢያው እንዳይቋረጥ። አልጌ ጨለማ ውስጥ ኦክስጅን ይበላል፣ ሲሞትና ሲበሰብስም ይበላል። አዳማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከጅቡቲው ያነሰ ነው። መብራት ሄዶ ፓምፑ ከቆመ ጊዜ አይሰጣችሁም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ገንዳው ጎን ይቀመጥ። የእኔ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሁለት ወር ፈጅቷል፣ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቷል።

እንደ አተር ድብልብል ያለ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ካያችሁ ቫሎኒያ ነው፤ ድንጋዩን አውጥታችሁ ሳታፈነዱ በጥፍር ፈንቅሉት። ድንጋዩን እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀለም የሚለብሰው ጠንካራው ሽፋን ኮራላይን አልጌ ነው፣ እሱን የሚፍቅ ሰው አልወድም። ውሃው እንደተመቸው ምልክት ነው።

በበጋ ነፋስ ከገንዳዬ በቀን ሁለት ሊትር ያህል ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፤ ስለዚህ የምትተኩት በተጣራ ንጹሕ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ከተካችሁበት፣ በየቀኑ ሁለት ሊትር ሙሉ ሲሊካና ፎስፌት እያጠራቀማችሁ ነው።

ልጁ የሶፍቱን ነገር ሞክሮ ማታ ፎቶ ላከልኝ። ብርጭቆው ውስጥ ክሩ ተያይዟል። “ውሃ መቀየሩን ተው፣ ዓሣዎቹን አብላ” አልኩት። “ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?” አለኝ። ዛሬ ናይትሬቱን ለካ፣ ሐሙስ ድጋሚ ለካ፣ ሁለቱንም ቁጥር ላክልኝ ብዬዋለሁ።