እየተከፈለዎት ኤሌክትሪሺያን ለመሆን፦ በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በተለይም በላውደን ካውንቲ፣ ግዙፍ የዳታ ማዕከላት በላይ በላዩ እየተገነቡ ነው፤ ነባሮቹ ባለሙያዎች ደግሞ ጡረታ እየወጡ በመሆናቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በብርቱ ይፈለጋል። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአገሪቱ ኤሌክትሪሺያኖች ግማሾቹ በዓመት ከ62,350 ዶላር በላይ አግኝተዋል።

ከታክሲ ወይም ከመኪና ማቆሚያ ሥራ ወጥተው ሙያ ለመያዝ ካሰቡ፣ ለግል ማሠልጠኛ ብዙ ሺህ ዶላር ከመክፈልዎ በፊት በመንግሥት የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ (የተለማማጅነት ሥልጠና) ይፈልጉ። አፕረንቲስሺፕ ቀን ቀን በግንባታ ቦታ በደመወዝ እየሠሩ፣ በተመደበው ሰዓት ደግሞ ክፍል ገብተው የሚማሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል።

ወገኖቻችንን በብዛት የሚያሰናክለው ትራንስክሪፕት ስለሆነ ሥራውን ከዚያ ይጀምሩ። በዩኒየን (በሠራተኞች ማኅበር) በኩል የሚሰጠው የአፕረንቲስሺፕ ፕሮግራም ከሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ወይም ከእርሱ ጋር እኩል ከሚቆጠረው ከጂ ኢ ዲ (GED) በተጨማሪ፣ አንድ ሙሉ ዓመት አልጀብራ ተምረው ማለፍዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፤ በአገር ቤት ትራንስክሪፕት ላይ ግን የሚጻፈው «ሒሳብ» ብቻ ነው። ስለዚህ ሰነዱን የውጭ አገር ትምህርት በሚመዝን ድርጅት ያስገምግሙ፤ ይህ ካልበቃ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ የአልጀብራ ኮርስ ይውሰዱ። ኮርሱ ለመግቢያ ፈተናውም ይጠቅምዎታል፤ ፈተናው አልጀብራንና አንብቦ መረዳትን የሚመለከት በመሆኑ፣ የንግግር እንግሊዝኛዎ ደካማ ቢሆንም በዚህ ምክንያት ወደኋላ ማለት የለብዎትም። ፈተናውን ሲያልፉ ቃለ መጠይቅ ይከተላል፤ አዲስ አበባ ሳሉ የቤት መስመር ዘርግተው ወይም ግንበኛ ረድተው ከሆነ በዝርዝር ይናገሩ።

የተለማማጅ ደመወዝ ከሙሉ ባለሙያው ክፍያ በመቶኛ ይሰላል፤ በብዙ ቦታ ከ40 እስከ 50 በመቶ ጀምሮ በየደረጃው ያድጋል። የመጀመሪያው ዓመት ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው በእውነት ከባድ ነው፤ የቤት ኪራይዎንና ወደ አገር ቤት የሚልኩትን ገንዘብ አስቀድመው ያስሉ።

ሥራ ከጀመሩ በኋላ የሠሩባቸውን ሰዓታት የሚያሳይ በአሠሪ የተፈረመ ወረቀት እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። ቨርጂኒያ ለጆርኒማን ላይሰንስ (ለሙሉ ባለሙያ የሥራ ፈቃድ) በመደበኛው መንገድ የ4 ዓመት የሥራ ልምድና የ240 ሰዓት የሙያ ትምህርት ትጠይቃለች፤ ኮንትራክተሩ ድርጅቱን ቢዘጋ ልምድዎን የሚመሰክርልዎት ይህ ወረቀት ነው።