ለእናታችሁ ቤት የራዶን መለኪያ ከመላካችሁ በፊት

እዚህ አሜሪካ ቤት ስንገዛ ራዶን እናስለካለን። አራት ኪሎ ያለው የእናታችን ምድር ቤት ትዝ የሚለን ግን ስንቶቻችን ነን? ሰሞኑን «እንዴት ላስለካላቸው?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ስለ መለኪያው የምለው ጥቂት ነው። ስለምትልኩለት ሰው ግን ብዙ አለኝ።

ራዶን በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚመጣ ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። በወለል ስንጥቅ ገብቶ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ይጠራቀማል። ከሲጋራ ቀጥሎ ዋናው የሳንባ ካንሰር መንስኤ እሱ ነው፤ በሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያስቀመጠው ልክ በሜትር ኩብ አየር 100 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ አሃድ) ነው። ይህ ካልተቻለ እንኳ ከ300 እንዳያልፍ ይላል።

የሦስት ወሩን መለኪያ ግዙ። ከሰል ያለበት የጥቂት ቀኑ ርካሽ ነው። ግን ከሰሉ የያዘው ራዶን በየ3.8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ ቶሎ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ እስኪገኝ ከንቱ ይሆናል።

የኔን ልንገራችሁ። መለኪያውን የተረከበልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ ውክልናዬም ያለው እሱ ጋ ነው። እናቴ በምትተኛበት ክፍል፣ ከወለል ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ከመስኮት አርቆ እንዲያስቀምጠው ደጋግሜ ነገርኩት። የዚያኑ ቀን ፎቶ ላከልኝ። መለኪያው ቡፌው ላይ፣ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል። ከሦስት ወር በኋላ መለሰልኝ፤ ውጤቱ ዝቅተኛ ሆነ። ለእናቴ ደውዬ «እፎይ በይ» አልኳት።

ከወራት በኋላ በቪዲዮ ስናወራ ረከቦቱ ታየኝ። «ያ ክብ ነገር እዚህ ጋ ነበር አይደል?» አልኳት።

«እሱንማ ያን ዕለት ይዞት ሄደ እኮ፤ ልጆች እንዳይሰብሩት ብሎ።»

ለካ ያስለካሁት እሱ የሚኖርበትን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው።

ስጠይቀው «ያው አየር አይደል?» አለኝ። ሌባ አይደለም። አንድ ብር ነክቶብኝ አያውቅም፤ ይወደናል። ነገሩን ግን አላመነበትም። ላላመነበት ነገር ፎቶ አንስቶ ደስ አሰኘኝ። እናቴ በርና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል አንድ ተጨማሪ ክረምት ተኛች። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዘመድነቱን አትዩ። ቀበሌ ተመላልሶ ጉዳይ የሚጨርስላችሁ ሰው ለዚህ ላይሆን ይችላል። እዚያው ቤት የሚያድረውን ምረጡ፤ ለምን እንደሚለካም ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። ሁለተኛውን መለኪያ የሰጠሁት እናቴን ለምታግዛት ልጅ ነው። ነገሩ ሲገባት «እኔም እኮ እዚሁ ነው የምተኛው» አለችኝ። እሁድ እሁድ ስደውል ካሜራውን አዙራ ታሳየኛለች፤ መለኪያው ጀርባ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ታነብልኛለች። ፎቶ አልጠየቅኋትም። ውጤቱ ከ100 በላይ መጣ።

ጥገናው ላይ ስንጥቅ መድፈን ብቻውን አይበቃም። ደህናው መፍትሔ ከወለሉ ሥር አየር ስቦ በቧንቧ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ፋን ነው። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አትላኩ። ቧንቧው ከወለሉ ሥር ሲገባ በቪዲዮ ሳታዩ ሲሚንቶ እንዳይደፋበት። ሥራው ሲያልቅ እንደገና አስለኩ፤ መለኪያውንም ያው እዚያ የሚያድረው ሰው ያስቀምጠው።