አሮጌ የብረትና የመዳብ ማቅለጫ ቦታን ሳይጎዱ እንዴት መለየትና መመዝገብ ይቻላል?

በጎንደር ዙሪያ በእርሻ ማሳ ወይም በወንዝ ዳር ጥቁር፣ ከባድና መስታወት የመሰለ ስብርባሪ ያገኘ መምህር ወይም ተማሪ፣ የጥንት ባለእጆች ማዕድን ያቀለጡበትን ቦታ አግኝቶ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ዝቃጩን፣ ማለትም ማዕድን ሲቀልጥ ከብረቱ ወይም ከመዳቡ ተለይቶ የሚወጣውን ቆሻሻ፣ ከተራ ድንጋይ መለየት ያስፈልጋል። የጎንደር መሬት በአብዛኛው ባዛልት በመሆኑ ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ በየቦታው ይገኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የማቅለጫ ዝቃጭ ግን በመጠን ከሚስተካከለው እንዲህ ካለው ቀዳዳማ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ይከብዳል፤ አንደኛው ገጹ እንደ ወፍራም ማር ፈስሶና ተጨማዶ የረጋ ሲሆን፣ በሌላው ገጽ የከሰል ቅርጽ ታትሞበት ሊታይ ይችላል። በአጠገቡ የሸክላ ቱቦ ስብርባሪ ከተገኘ ጥርጣሬው በእጅጉ ይቀንሳል፤ የወናፉ አየር ወደ እቶኑ የሚገባው በዚህ ቱቦ ስለነበር፣ እሳቱን ያገኘው ጫፍ ቀልጦ መስታወት የለበሰ ይመስላል።

የቀለጠው ብረት ነው ወይስ መዳብ የሚለውን ለመመለስ መቸኮል አይገባም። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በእቶኑ ውስጥ ፈሳሽ ይሆናል፤ ንጹሕ ብረት ግን የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ በመሆኑ፣ በከሰልና በወናፍ በሚሠራ እቶን ውስጥ ሳይፈስ ቀዳዳማ ጓል ሆኖ ይቀራል፤ ባለእጁም ደጋግሞ እያጋለ በመቀጥቀጥ ዝቃጩን ያስወጣዋል። ማግኔት የሳበው ሁሉ የብረት ዝቃጭ አይደለም፤ የመዳብ ዝቃጭም ብዙውን ጊዜ በውስጡ ብዙ ብረት አለው። ቀድሞ በተሰበረ ገጽ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን የመዳብ ጠብታዎችና አረንጓዴ ዝገታቸው የተሻለ ምልክት ናቸው። ይሁን እንጂ በባዛልት ቀዳዳዎች ውስጥም አረንጓዴ ማዕድን ስለሚኖር፣ የመጨረሻው ፍርድ የላቦራቶሪ ነው።

ቀጥሎ ማዕድኑ፣ የሸክላ አፈሩና በተለይ ለከሰል የሚሆነው እንጨት ከየት ይመጣ እንደነበር ይመዝገብ፤ የማቅለጫ መንደርን ዕድል ብዙ ጊዜ የሚወስነው ማገዶ ነውና። በ1845 እ.ኤ.አ. መዳብ የተገኘባት የደቡብ አውስትራሊያዋ መንደር ቡራ ለዚህ ምስክር ናት፦ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ከኮርንዎል፣ አቅላጮቹ ከዌልስ መጥተው፣ ብዙዎች በወንዙ ዳር በፈለፈሉት ዋሻ ቤት እየኖሩ ሲሠሩ፣ መዳብ ወደ ወደብ የሚያደርሱት ጋሪዎች በመልሳቸው ለማቅለጫው የድንጋይ ከሰል ይጭኑ ነበር። የቡራ ኩባንያ መዝገብ ትቶ አልፏል። የእኛ ባለእጆች መዝገብ አልነበራቸውምና ታሪካቸው ያለው በአብዛኛው በአፈሩና በሰው ትዝታ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ከሥራው ሁሉ ይልቅ አስቸኳይ ጉዳይ ነው። በጎንደር በብረት ሥራ ከታወቁት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል፤ አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ስለሄዱ፣ በወለቃና በመሰል መንደሮች ጎረቤቶቻቸው የነበሩትን አረጋውያን ማነጋገር ይገባል። ባለእጅን «ቡዳ» እያሉ ማግለል ትልቅ ግፍ ነበር፤ የሚጠየቁት ሰዎች ዛሬም ሊሸማቀቁ ስለሚችሉ፣ «ታሪክ ንገሩኝ» ከማለት ይልቅ «አባባ፣ ከሰሉ ከምን እንጨት ይከሰል ነበር? ወናፉስ ከምን ቆዳ ይሠራ ነበር?» ብሎ ስለ ሙያው በአክብሮት መጠየቅ ይሻላል። ስምና ድምፅ የሚመዘገበው በፈቃዳቸው ብቻ ነው።

በቦታው ምንም አይቆፈርም፣ ምንም አይነሣም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ከዝቃጩ ጋር ያለው ከሰል ዕድሜውን በካርቦን ልኬታ ለማወቅ የሚያገለግለው ከነቦታው ሲገኝ በመሆኑ፣ ከአፈሩ የተለየ ናሙና አብዛኛውን ዋጋውን ያጣል። ዝቃጩ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጦ ከቅርብና ከሩቅ ፎቶ ማንሳት፣ የቦታውን አቀማመጥ በስልክ መመዝገብና የተጻፈውን ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማስረከብ በቂ ነው።