በካውንተር ስትራይክ ለመዝናናት የሚጫወቱና ለውድድር የሚጫወቱ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካውንተር ስትራይክ፣ አንዱ ቡድን ቦምብ ለመትከል ሌላው ለማክሸፍ የሚፋለምበት የኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ ሃፍ ላይፍ በተባለ ጨዋታ ላይ የሠሩት ነፃ ማሻሻያ ሆኖ ብቅ ሲል ራንክ (የችሎታ ደረጃ) ወይም የቅጣት ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረውም። ተጫዋቹ ከሰርቨሮች ዝርዝር የወደደውን መርጦ ይገባል፤ ሲሰለቸው ይወጣል። ዛሬ የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ቫልቭ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው ካውንተር ስትራይክ 2 ግን የመጀመሪያው ምርጫ የሚደረገው ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስ ነው፤ ካዥዋል (ለመዝናናት)፣ ኮምፒቲቲቭ (ለውድድር) ወይስ ፕሪሚየር (ሌላው የውድድር ዓይነት)? ይህን ምርጫ በአግባቡ ሳያስቡበት የሚያልፉ ሰዎች ናቸው ኋላ ላይ በማይክ ሲሰዳደቡ የምንሰማቸው። በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚነሳው ጠብ ብዙውን ጊዜ የጠባይ ጉዳይ ተደርጎ ይወራል። እኔ ግን መነሻው የሕግ ልዩነት ነው ባይ ነኝ፤ አንዱ ሞድ (የጨዋታ ዓይነት) ያስለመደውን አጨዋወት ይዞ ወደ ሌላው የሚገባ ሰው ጨዋ ቢሆንም እንኳ የቡድን ጓደኞቹን ማናደዱ አይቀርም።

ካዥዋልን የኮምፒቲቲቭ መለማመጃ አድርጎ መውሰድ

ይህ ከሁሉም የተለመደውና ብዙ መዘዝ ያለው ስህተት ነው። ጀማሪው «መጀመሪያ ካዥዋል ላይ እለምዳለሁ፤ ከዚያ ወደ ኮምፒቲቲቭ እገባለሁ» ብሎ ያቅዳል። ዕቅዱ ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ሞዶች የሚጋሩት ካርታውንና መሣሪያውን እንጂ ጨዋታውን አይደለም። በካዥዋል አሥር ሰው ከአሥር ሰው ጋር ይገጥማል፤ የጥይት መከላከያው፣ የራስ ቁሩና የቦምብ ማክሸፊያው በነፃ ይታደላል፤ የራስን ወገን መምታት ጉዳት የለውም፤ ተጫዋቾችም እርስ በርስ ተላልፈው መሄድ ይችላሉ። በኮምፒቲቲቭ አምስት ለአምስት ነው፤ ሁሉም ነገር ይገዛል፤ ጥይት ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ ጠባብ በር ላይ የቆመ ጓደኛም መንገድ ይዘጋል።

ከዚህ የሚመጣውን ለማየት ሚራዥ በተባለው ካርታ ላይ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ማሰብ ይበቃል። ካዥዋል የለመደው ሰው ጓደኛው ፊቱ ቆሞ እየተኮሰ ሳለ ከኋላው ሆኖ ያለ ሐሳብ ይተኩሳል፤ እዚያ ሲያደርገው ምንም ስለማይደርስ እጁ ለምዶታል። በኮምፒቲቲቭ ያው ጥይት የጓደኛውን ጀርባ ይመታል፤ ድርጊቱ ከተደጋገመም ሥርዓቱ ራሱ ከጨዋታው አስወጥቶ ቅጣት ይጥልበታል። ድምፅም እንዲሁ ነው። ሃያ ሰው በሚሯሯጥበት ካርታ የእግር ኮቴ ማዳመጥ ትርጉም ስለሌለው ጀማሪው ጆሮውን መጠቀም ሳይማር ይቀራል፤ አምስት ለአምስት ሲሆን ግን ከግድግዳ ጀርባ የተሰማ ሁለት እርምጃ ቦምቡ የት እንደሚተከል ሊናገር ይችላል።

በሁሉም የተኩስ ጨዋታ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ቫሎራንት በተባለው ሌላ የተኩስ ጨዋታ አንሬትድ የሚባለው ሞድ ሕጉ በመሠረቱ ከኮምፒቲቲቩ ጋር አንድ ሆኖ ራንክ ብቻ ስለሌለው በእርግጥ መለማመጃ ሊባል ይችላል። በካውንተር ስትራይክ ግን እጅን ለማፍታታት ዴዝማች (የሞተ ወዲያው እየተመለሰ ተኩስ ብቻ የሚለዋወጥበት ሞድ)፣ የጭስ ቦምብ አወራወር ለመማር ደግሞ ብቻን ካርታ ከፍቶ መሞከር ይሻላል፤ ራውንዱን (የጨዋታውን አንድ ዙር) ለመልመድ ከኮምፒቲቲቩ ሌላ መንገድ የለም። ካዥዋል በራሱ ሙሉ ጨዋታ ነው፤ ሳቁን፣ ግርግሩንና አሥር ሰው በአንድ በር ሲጋፋ ማየትን ለሚወድ ሰው የተሠራ ነው። ወደሌላ ነገር መሸጋገሪያ ካደረጉት የእሱም ደስታ ይጠፋል።

ገንዘብን የግል አድርጎ መቁጠር

ከካዥዋል የመጣ ተጫዋች ሁለተኛው ራውንድ ላይ የሚሠራው ስህተት ከሁሉ በላይ ስድብ የሚያስከትል ነው፤ ሆኖም ምክንያቱን የሚያስረዳው ሰው እምብዛም አያገኝም። ስለዚህ በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ ተጫዋች በ800 ዶላር የጨዋታ ገንዘብ ይጀምራል እንበልና ቡድኑ ሁሉንም አውጥቶ የመጀመሪያውን የሽጉጥ ራውንድ ይሸነፋል። በማካካሻ መልክ ለእያንዳንዱ 1900 ዶላር ይሰጠዋል። ክላሹ፣ ማለትም ኤኬ-47፣ 2700 ስለሆነ በዚህ ገንዘብ ማንም ሊገዛው አይችልም። አራቱ ምንም ሳይገዙ ራውንዱን ያሳልፋሉ። አምስተኛው ግን «ገንዘብ አለኝ» ብሎ በ1050 ማክ-10 የተባለ አነስተኛ መትረየስ፣ በ650 የጥይት መከላከያ ይገዛል፤ እጁ ላይ 200 ይቀራል። ብቻውን ታጥቆ ስለገባ እሱም ይሞታል፤ ራውንዱም ይሸነፋል።

ለሁለተኛው ተከታታይ ሽንፈት ማካካሻው 2400 ነው። አራቱ ጓደኞች አሁን 4300 አላቸው፤ ክላሽ፣ የጥይት መከላከያ ከራስ ቁር ጋር በ1000፣ አንድ የጭስ ቦምብ በ300 እና አንድ ፍላሽ (ዓይን የሚያጨልም ቦምብ) በ200 ገዝተው 100 ይተርፋቸዋል። አምስተኛው 2600 ይዟል፤ ክላሹን ብቻ እንኳ ለመግዛት 100 ዶላር ይጎድለዋል። ቡድኑ ሙሉ ሆኖ መዋጋት በሚገባው ራውንድ አንድ ሰው ጎደሎ ታጥቆ ይገባል ማለት ነው። ጀማሪው ግን አንድም ሕግ እንደጣሰ አይሰማውም፤ ካዥዋል ላይ የጥይት መከላከያ በነፃ ሲታደለው የኖረ ሰው ይህን ስሌት ከየት ያመጣዋል?

እዚህ ላይ የነባሩም ስህተት አለ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ» ብሎ መጮህ ገንዘቡን አይመልስም። «ወንድሜ፣ ይቺን ራውንድ አትግዛ፤ ቀጣዩን አብረን እንገዛለን» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከመግዣው ሰዓት ጋር ትመጣጠናለች፤ የምትጠቅመውም ከግዢው በፊት ከተነገረች ብቻ ነው።

በካዥዋል ውስጥ አዛዥ መሆን

ለውድድር የሚጫወቱ ሰዎች አንዳንዴ እጃቸውን ለማሟሟቅ ካዥዋል ይገባሉ፤ ገብተውም የማያውቋቸውን ዘጠኝ ሰዎች ቦታ ቦታ ሊያስይዙ ይሞክራሉ። ቢላ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ ይቆጡታል፤ ሲደክማቸው ደግሞ እንዲባረር ድምፅ ያስቆጥራሉ። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ የመረጠው ሞድ የሚፈቅድለትን እያደረገ ነው። ቢላ ይዞ መሮጥ በማይፈቀድበት ካዥዋል ምን ይደረጋል?

ራንክን እንደ ማዕረግ መቁጠር

በካውንተር ስትራይክ 2 የኮምፒቲቲቭ ራንክ ከሲልቨር 1 እስከ ግሎባል ኤሊት 18 እርከኖች አሉት፤ የሚሰጠውም ለእያንዳንዱ ካርታ ለየብቻ ነው። ደስት 2ን ለዓመታት የተጫወተ ሰው እዚያ ከፍ ያለ ራንክ ይዞ ኑክ ላይ ከጀማሪ ጋር ሊመደብ ይችላል። ፕሪሚየር ደግሞ አንድ አጠቃላይ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ እንዲታይ አሥር ጨዋታ ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ ካርታውም በሁለቱ ቡድኖች ማግለል ይመረጣል። ሥርዓቱ ራሱ «የዚህ ሰው ችሎታ እንደ ቦታው ይለያያል» እያለ ተጫዋቹ ግን ከሁሉ ከፍ ያለውን ምልክት ብቻ ይዞ ይከራከራል።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ፍርሃት ነው። ቁጥሩ እንዳይወርድበት የሚሰጋ ሰው አዲስ ካርታ አይሞክርም፤ ከእሱ ዝቅ ካሉ ጓደኞቹ ጋር መጫወት ያቆማል፤ በመጨረሻም ጨዋታውን ለመክፈት ራሱ ይፈራል። ማመጣጠኛው የሚሠራው ተቀራራቢ ችሎታ ያላቸውን ሰዎች እያገናኘ ስለሆነ ቁጥሩ ትክክለኛ ቦታውን ሲያገኝ ከጨዋታዎች ግማሽ ያህሉን መሸነፍ የሚጠበቅ ነው። ይህን የማይቀበል ሰው ሽንፈቱን ሁሉ የቡድን ጓደኞቹ ጥፋት አድርጎ ማየት ይጀምራል። አምስት ሰው ባለበት ቡድን አራት ተከሳሽ ማግኘት ቀላል ነው።

በራውንድ መሃል ማስተማር

የሞተ ተጫዋች በሕይወት የቀረውን ጓደኛውን እያየ ትምህርት መስጠት ይወዳል። አንድ ለሁለት የቀረ ሰው ግን የሚያስፈልገው ፀጥታ ነው፤ ቦምቡ ከተተከለ በኋላ ለመፈንዳት 40 ሰከንድ አለው፤ ማክሸፊያ የሌለው ሰው 10 ሰከንድ፣ ያለው 5 ሰከንድ ይፈልጋል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ጠላት የት እንደቆመ የሚነግረው ኮቴው ነው። «ቢ ላይ ሁለት፣ አንዱ ቆስሏል» (ቢ ከቦምብ መትከያ ቦታዎች አንዱ ነው) መረጃ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። «እኔ ብሆን ኖሮ በዚያ አልሄድም ነበር» ግን የሚበጅ ከሆነ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ይበጃል። ለመዝናናት የሚጫወተው ወገንም ከዚህ አያመልጥም፤ በካዥዋል የለመደውን ሙዚቃና ቀልድ ኮምፒቲቲቭ ውስጥ በማይክ የሚለቅ ሰው የሌሎች አራት ሰዎችን ጆሮ ነው የሚዘጋው።

በሁለተኛ አካውንት ዝቅ ብሎ መግባት

የካውንተር ስትራይክ 2 ቀዳሚ የሆነው ካውንተር ስትራይክ፦ ግሎባል ኦፌንሲቭ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ነፃ ከሆነ ወዲህ አዲስ አካውንት መክፈት ወጪ የለውም፤ ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ስሙን ለውጦ ጀማሪዎች መካከል መግባቱ ተለምዷል። ስመርፍ ይባላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ልዝናና» ነው፤ የሌላውን አምስት ሰው ምሽት አበላሽቶ መዝናናት ግን ከሁለቱም ወገን የማይመደብ ነገር ነው። ሁልጊዜ ውጥረት የሰለቸው ጎበዝ ተጫዋች በዋናው አካውንቱ ካዥዋል ቢገባ ማንም አይከለክለውም።

«ለመዝናናት የሚጫወት ሰው የችሎታ ማመጣጠን አያስፈልገውም» ማለት

ይህ ክርክር በተለይ በኮል ኦፍ ዱቲ ተጫዋቾች ዘንድ ለዓመታት ሲጦዝ ቆይቷል። ጎበዞቹ «ራንክ በሌለበት ሞድ ለምን ከእኩያዬ ጋር ታጋጥሙኛላችሁ? ከሥራ መጥቼ ልዝናና እንጂ» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። የጨዋታው አሳታሚ አክቲቪዥን እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው ጽሑፍ ግን ለአንዳንድ ተጫዋቾች የችሎታ ማመጣጠኑን በሙከራ ማላላቱን፣ ከዚያም ከ90 በመቶዎቹ ተጫዋቾች ዘንድ ወደ ጨዋታው የሚመለሰው ሰው መጠን መቀነሱን ገልጿል። ኩባንያው በጉዳዩ ጥቅም ያለው ወገን መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ቢሆንም አመክንዮው ግልጽ ነው፤ ጎበዙ የሚዝናናበት ያልተመጣጠነ ጨዋታ በሌላው ጫፍ ላይ የሚሸነፍለት ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ለመዝናናት የመጣው ነው።

ሁለቱን ወገኖች በአንድ ውሳኔ ለማስደሰት መሞከር

ይህኛው ጨዋታ የሚሠሩና ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ስህተት ነው፤ ምሳሌውም የራሱ የቫልቭ ነው። ቲም ፎርትረስ 2 ዘጠኝ የተለያዩ ገጸ ባሕርያት ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት የሚጫወቱት ሳቅ የሞላበት ጨዋታ ነው። ለውድድር የሚጫወቱት ደግሞ ለዓመታት በራሳቸው ሊጎች ስድስት ለስድስት ሲገጥሙ ኖረዋል፤ የትኛው ገጸ ባሕርይ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ የሚወስን ገደብ፣ የታገዱ መሣሪያዎች ዝርዝርም ነበራቸው። በዕድል የሚመጣውን ከፍተኛ ምት ደግሞ አጥፍተውታል፤ ለመዝናናት የሚጫወተውን የሚያስቀው ያ ድንገተኛ ምት ለእነሱ ልፋትን ከንቱ የሚያደርግ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2016 ቫልቭ ይፋ ኮምፒቲቲቭ ሞድ አስገባ፤ በዚያው ቀን ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት የሚያስችለውን የቀድሞውን ኩዊክፕሌይ አንስቶ ካዥዋል በተባለ ሞድ ተካው። አዲሱ ካዥዋል መጀመሪያ ላይ አቋርጦ ለሚወጣ ሰው ቅጣት ነበረበት፤ ወረፋውም ረዘመ። ኮምፒቲቲቩ በበኩሉ ሊጎቹ ከረጅም ልምድ ያወጧቸውን ገደቦች አልያዘም። ለመዝናናት የሚጫወተው «ነፃነቴን ወሰዳችሁብኝ» አለ፤ ለውድድር የሚጫወተው ደግሞ «ይህ የእኛ ጨዋታ አይደለም» አለ። የካዥዋሉ ቅጣት በቀናት ውስጥ ቢነሳም ቁጣው በዚያ አልቆመም። ውድድሩ ለካዥዋሉ ደንቡን ሲያበድረው፣ ካዥዋሉ ደግሞ ለውድድሩ ልቅነቱን ሲያበድረው ሁለቱም ከሰሩ።

አቋርጦ መውጣት በካውንተር ስትራይክም የሚታየው በዚሁ ዓይን ነው። ከካዥዋል በማንኛውም ሰዓት መውጣት ነውር የለውም፤ ሌላ ሰው ይተካል። ከኮምፒቲቲቭ የወጣ ግን አራት ሰዎችን ጥሎ ስለሚሄድ ቅጣቱ ከ30 ደቂቃ ጀምሮ በተደጋገመ ቁጥር እስከ 7 ቀን ይደርሳል። መብራት ወይም ኢንተርኔት ሊቋረጥ እንደሚችል በሚታወቅበት ሰዓት አንዱ ቡድን 13 ራውንድ እስኪያሸንፍ ድረስ የሚሄድ ጨዋታ ከመጀመር በፊት ዕዳው ለማን እንደሚተርፍ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

የፒንግን ልዩነት ችላ ማለት

በመጨረሻ፣ ተራርቀው የሚኖሩ ጓደኛሞችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ቫልቭ በኢትዮጵያ ሰርቨር የለውም፤ ከአዲስ አበባ የሚጫወት ሰው ዱባይ፣ ጆሃንስበርግ ወይም አውሮፓ ካሉት ጋር ይገናኛል። አራቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ቨርጂኒያ የሆኑበት ቡድን ሲመሠረት አንዱ ወገን ከፍ ያለ ፒንግ (መረጃ ወደ ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) መሸከሙ የማይቀር ነው። ለጨዋታ ፍለጋ የሚፈቀደውን ከፍተኛ ፒንግ በማስተካከያው ውስጥ አይቶ መወሰን የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ለመገናኘትና ለመሳቅ ብቻ ከሆነ ካዥዋል ሁሉንም ይችላል፤ ኮምፒቲቲቭ ከሆነ ግን ሥራ ሲከፋፈል ይህ ልዩነት መግባት አለበት። ብዙ ቡድኖች ፒንጉ ከፍ ያለውን ጓደኛቸውን «አንተ እዚያች ጥግ ቆመህ ጠብቅ» ይሉታል፤ ቀላል ሥራ የሰጡት መስሏቸው ነው። ጥግ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ግን ድንገት ወጥቶ የሚመጣውን ጠላት ዘግይቶ ነው የሚያየው፤ ፒንጉ በጨመረ መጠን ይህ መዘግየት ይጎላል። እሱ ከአንድ ጓደኛው ጋር ተከታትሎ ወደ ጠላት የሚወጣ ይሁን፤ ጥጉን ፒንጉ ዝቅ ያለው ይያዝ።