ስሙ አንድ፣ ጌሙ ሁለት፦ የፒኤስ 4 እና የፒኤስ 5 ችግርና መፍትሄ

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። ሦስት ፒኤስ 4 እና አንድ ፒኤስ 5፣ ማለትም ፕሌይስቴሽን የሚባሉት የሶኒ የጌም ማሽኖች። «ተበላሸብኝ» ተብሎ የሚመጣልኝ ማሽንም አይጠፋም። ስፈትሸው ግን ብዙው አልተበላሸም። ፒኤስ 4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ ፒኤስ 5 ደግሞ በ2020። አሮጌው ከ117 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ጌም ሰሪዎቹ ሊተዉት አልቻሉም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያንኑ ጌም ለሁለቱም ያወጡታል። ስሙ አንድ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስዕልም አንድ ነው። ውስጡ ግን ሁለት የተለያየ ጌም ነው። ይህን ካወቃችሁ ለጠጋኝ የምትከፍሉት ብር ይተርፋችኋል።

«ሲዲው አይነበብም»

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ሲዲ ይዘው መጡ። እህታቸው ከዱባይ የላከችው ነው። «ልጄ፣ ማሽኑ ሞቷል መሰለኝ፤ ማሠሪያው ስንት ይፈጃል?» አሉኝ። ሲዲውን ብርሃን ላይ አዙሬ አየሁት። አንድም ጭረት የለበትም። የሽፋኑ አናት ላይ ነጭ መስመር አለ፣ በጥቁር ፒኤስ 5 ይላል። እሳቸው ቤት ያለው ፒኤስ 4 ነው።

የፒኤስ 5 ሲዲ እስከ 100 ጊጋ የሚይዝ ዓይነት ነው። የፒኤስ 4 ሌንስ የሚያነበው እስከ 50 ጊጋ የሚይዘውን፣ ተራ ብሉ ሬይ የሚባለውን ሲዲ ነው። ሌንስ ብታጸዱት፣ ብትቀይሩትም አያነበውም። መፍትሄው ሲዲውን መቀየር ብቻ ነው። ፒኤስ 5 ያለው አንድ ደንበኛዬ ያንኑ ጌም በፒኤስ 4 ሲዲ ይዞት ስለነበር ተለዋወጡ። እናትየው አንድ ብር አላወጡም። ስለዚህ ውጭ ላለ ዘመድ ላኩልኝ ስትሉ የጌሙን ስም ብቻ አትንገሩ። «አናቱ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ፒኤስ 4 የሚል» በሉ።

የፒኤስ 4 ሲዲ ፒኤስ 5 ላይ ግን ይሠራል፣ ማሽኑ የሲዲ ማስገቢያ ካለው። የሌለውም አለ፤ ያገለገለ ስትገዙ መጀመሪያ እሱን እዩ። የፒኤስ 3 እና የፒኤስ 2 ሲዲ ፒኤስ 5 ላይ አይሠራም።

«ፒኤስ 5 ገዛሁ፣ ጌሙ ግን ያው ነው»

አዲሱ ማሽን ላይ የተጫነው የአሮጌው ቨርዥን፣ ማለትም ለፒኤስ 4 የተሠራው ጌም ሲሆን የሚመጣ ነው። ማሽኑ አይቆጣም፣ ዝም ብሎ ያጫውታችኋል። ለወራት እንዲህ የተጫወተ ሰው አውቃለሁ።

እኔ የምለየው በጆይስቲክ ነው። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ፒኤስ 5 ላይ አገናኙና ጌሙን ክፈቱ። ካጫወታችሁ የተጫነው የፒኤስ 4 ነው። የአዲሱን ጆይስቲክ ተጠቀሙ ብሎ ከከለከላችሁ የፒኤስ 5 ነው። ጌሙ ላይ ቆማችሁ ሦስቱን ነጥብ ስትጫኑ «ጌም ቨርዥን» የሚል ካለ ደግሞ እዚያው መምረጥ ትችላላችሁ።

የፒኤስ 4 ሲዲ ይዞ ወደ ፒኤስ 5 ቨርዥን ማለፍ እንደ ጌሙ ይለያያል። አንዳንዱ በነጻ ነው። ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ 10 ዶላር ይጠይቃል። ጭራሽ የማያሳልፍም አለ። ካለፋችሁም በኋላ በተጫወታችሁ ቁጥር ሲዲው ማሽኑ ውስጥ መሆን አለበት። ሲዲውን እንዳትሸጡት። የሚወርደው ፋይል ብዙ ጊጋ ነው፤ እዚህ እኛ ጋ ማታ ለቆ ማደር ነው የሚያዋጣው።

መቆለፊያው ከተሰበረ (ጄይልብሬክ ከተደረገ) ፒኤስ 4 ላይ በሃርድ ዲስክ የተገለበጠ ጌም ግን ወደ ፒኤስ 5 አያልፍም። ፈቃድ ስለሌለው ማሽኑ አያውቀውም።

«ሴቬ ጠፋ»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ሴቭ ማለት ጌሙ ላይ የደረሳችሁበት የሚቀመጥበት ፋይል ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፊፋ ላይ ሰባት ሲዝን የተጫወተውን ካሪየር ፒኤስ 5 ላይ ፈልጎ አጣው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። የካሪየር ሴቭ ከፒኤስ 4 ቨርዥን ወደ ፒኤስ 5 ቨርዥን አይሻገርም። አልቲሜት ቲም የሚባለው የፊፋ የኦንላይን ጨዋታ ግን ሰርቨር (የኩባንያው ኮምፒውተር) ላይ ስለሚቀመጥ በዚያው አካውንት ሲገቡ ይመጣል።

የእሱን እንዲህ አዳንነው። ፍላሽ ፒኤስ 4 ላይ ሰካን። ከሴቲንግ ወደ ሴቭድ ዳታ ገብተን ሴቩን ወደ ፍላሹ ገለበጥነው። ፍላሹ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት ሆኖ ፎርማት መደረግ አለበት። ከዚያ ፒኤስ 5 ላይ በዚያው አካውንት ገብተን፣ ሴቭድ ዳታ ፒኤስ 4 ከሚለው ውስጥ ወደ ማሽኑ አስገባነው። ጌሙንም የፒኤስ 4 ቨርዥን አድርገን ከፈትነው። ስምንተኛው ሲዝን እዚያው ወንበሬ ላይ ተጀመረ። የምስሉ ጥራት የአሮጌው ነው፣ ግን ልጁ ደንታም አልነበረው።

ሴቭ የሚያሻግሩ ጌሞችም አሉ። ጂቲኤ 5 ላይ ከፒኤስ 4 ወደ ሰርቨር ትልኩታላችሁ፣ ከፒኤስ 5 ታወርዱታላችሁ፤ በሁለቱም በኩል ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ አሮጌውን ማሽን ሳትሸጡ በፊት ይህን ጨርሱ። ደግሞ ልብ በሉ፦ የፒኤስ 5 ጌም ሴቭ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም። ማስቀመጫው ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ያለ ቦታ) ነው፣ እሱም በክፍያ።

«ጓደኛዬን ኦንላይን አላገኘውም»

አንዱ ፒኤስ 4፣ ሌላው ፒኤስ 5 ይዞ ነው። ፊፋና ኤፍሲ (የፊፋ ጌም አዲሱ ስም) የሚያገናኙት በአንድ የማሽን ትውልድ ቨርዥን የሚጫወቱትን ነው። ፒኤስ 5 ያለው ልጅ የፒኤስ 4 ቨርዥኑን ይጫን፣ ይገናኛሉ። ፎርትናይት ላይ ይህ ችግር የለም።

«ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ፣ ግን አይከፍትም»

የፒኤስ 5 ጌም በዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ይቀመጣል እንጂ ከዚያ ላይ አይጫወቱትም። ወደ ማሽኑ መልሱት። የፒኤስ 4 ጌም ከሃርድ ዲስኩ ላይ በቀጥታ ይሠራል። ስለዚህ ፒኤስ 5 ሲሞላባችሁ መጀመሪያ የፒኤስ 4 ጌሞቹን ወደ ውጭ አውጡ።

«ይቆራረጣል፣ ማራገቢያው ይጮኻል»

መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ የጀመረ ከሆነ ማሽኑን አጥፉ። ማብሪያውን ሁለተኛ ድምፅ እስኪሰማ፣ 7 ሰከንድ ያህል ያዙት። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙና «ሪቢልድ ዳታቤዝ» የሚለውን ምረጡ። ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። አቧራም ካለ አስጠርጉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ጌም ላይ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ጥፋቱ የማሽናችሁ አይደለም። ሳይበርፐንክ 2077 በ2020 ታኅሣሥ ሲወጣ ፒኤስ 4 ላይ ይዞታው እጅግ መጥፎ ስለነበር ሶኒ ከሱቁ አወረደው፤ የመለሰው በ2021 ሰኔ ነው። የ2023ቱ ተጨማሪ ክፍል ለፒኤስ 4 ጭራሽ አልወጣም። አዲስ ጌም ለፒኤስ 4 ከመግዛታችሁ በፊት ፒኤስ 4 ላይ ሲጫወቱት የተቀረጸ ቪዲዮ እዩ። ማስታወቂያው ላይ የሚያሳዩት የአዲሱን ማሽን ነው።

«ጂቲኤ 6 ለፒኤስ 4 አለ ብለው ሊሸጡልኝ ነው»

አትግዙ። የተነገረው ለፒኤስ 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች ብር አዋጥተው ሊከፍሉ ሲሉ ነው የደረስኩት።