የግል ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት ዕውቅናውን እንዴት ታጣራላችሁ?

መስከረም ሲጠባ ከተማው በኮሌጅ ባነር ይሞላል። «ዕውቅና ያለው» የማይል ባነር ደግሞ አይገኝም። ችግሩ ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አለመሆኑ ነው። የሚሰጠው ለትምህርት መስኩ፣ ለደረጃው፣ ለካምፓሱና ለማስተማሪያ ዘዴው ነው። አንድ ኮሌጅ መገናኛ ባለው ካምፓስ አካውንቲንግን በመደበኛ እንዲያስተምር ተፈቀደለት እንበል። አዳማ የከፈተው ቅርንጫፍ በዚያው ፈቃድ ማስተማር አይችልም። መገናኛውም ቢሆን በርቀት ላስተምር ቢል ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉትን በወረቀት ጻፉ፦ መስክ፣ ደረጃ፣ ካምፓስ፣ መደበኛ ወይም ርቀት። አራቱም ሳይሟሉ አትጠይቁ። «ኮሌጃችሁ ዕውቅና አለው ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁሌም «አለው» ነው።

ቀጥሎ ሬጅስትራር ቢሮ ገብታችሁ የዕውቅና ፈቃድ ደብዳቤውን አሳዩን በሉ። ሪሴፕሽን ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። ደብዳቤውን ስታገኙ ከወረቀታችሁ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። የካምፓሱ ስም ተጽፏል? ዲግሪ ነው ማስተርስ? ፈቃዱ የጊዜ ገደብ ስላለው ቀኑንም እዩ። «ኦሪጅናሉ ዋናው ቢሮ ነው» ካሏችሁ ኮፒውን ጠይቁ። ኮፒም ከሌለ ሳትከፍሉ ውጡ።

የደብዳቤው አናት ላይ ያለው የመሥሪያ ቤት ስም ሊያደናግራችሁ ይችላል። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በአዋጅ ቁጥር 1097/2011 ተቋቋመ፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ቀረ። የከፍተኛ ትምህርት ሥራው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። ቴክኒክና ሙያው ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ። ዕውቅና ይሰጥ የነበረው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲም ዛሬ የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ነው። የድሮ ስም ያለበት ደብዳቤ የግድ ፎርጂድ ነው ማለት አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ መታደሱን ጠይቁ።

ኮሌጁ ያሳያችሁን ይዛችሁ ባለስልጣኑ ዘንድ ማመሳከር ሦስተኛው ሥራ ነው። ድረ ገጹን ተመልከቱ፣ አለዚያም ቢሮው ሄዳችሁ ጠይቁ። ኮሌጁ በቴሌግራም የላከላችሁን ስክሪንሾት እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። ዲግሪ ሳይሆን ሌቭል የምትማሩ ከሆነ ግን ጥያቄያችሁን የሚመልሰው በክልላችሁ ወይም በከተማችሁ ቴክኒክና ሙያን የሚቆጣጠረው ቢሮ ነው።

የኮሌጁ ወረቀት ሙሉ ሆኖ የእናንተ ሊጎድል ይችላል። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ዲግሪ የምትገቡ ከሆነ የማለፊያ ውጤት ወይም የሬሚዲያል (ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ማለፊያ ያስፈልጋችኋል። የ2014ቱን ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። «ውጤት ችግር የለውም፣ እኛ እናስተካክላለን» የሚል ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ሽሹ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የግል ኮሌጅ ተማሪም የመውጫ ፈተና አለበት፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ኮሌጁ ባለፉት ዙሮች ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እኔ ብሆን ከክፍያው በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው።

ሁሉም ከተሟላ በኮሌጁ የባንክ አካውንት ክፈሉ። በግለሰብ ስም በተከፈተ አካውንት አታስገቡ። ደረሰኙንና የደብዳቤውን ኮፒ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።

ትምህርቱን ጀምራችሁ ከሆነና ፈቃድ እንደሌለው ዛሬ ካወቃችሁ ቀጣዩን ተርም አትክፈሉ። ገንዘባችሁ እንዲመለስ ለኮሌጁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ማመልከቻው መድረሱን ኮፒው ላይ አስፈርሙ። ከዚያ ያንኑ ማመልከቻ ከነደረሰኙ ለባለስልጣኑ አስገቡ።